ሬዲዮህ ደህና ነው፤ ገመዱን ጠርጥር

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የአማተር ሬዲዮ ፈተና አልፌ ኮል ሳይን (የሬዲዮ መጠሪያ ስም) ካገኘሁ ሁለት ወር ሆነኝ። ሁለት ባኦፌንግ ዩቪ-5አር የእጅ ሬዲዮ ገዛሁ፤ አንዱ ያገለገለ፣ አንዱ አዲስ። ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ ገመድ አብሮ መጣ። ቺርፕን (ሬዲዮን በኮምፒውተር የሚሞላውን ፕሮግራም) ጭኜ ከሬዲዮው አንብብ ስለው ‹ሬዲዮው ምላሽ አልሰጠም› ይለኛል፤ ሁለቱም ላይ ያው ነው። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 ነው። ሻጩ የፋብሪካውን ሶፍትዌር ላከልኝ፣ እሱም እምቢ አለ። ሬዲዮዎቹ ተበላሽተው ይሆን? ልመልሳቸው? ጀርመን ያለ ጓደኛዬ ደግሞ ከራሱ ዩቪ-5አር ያወጣውን ፋይል ልኮልኛል፤ እሱን ብጭነው ይስተካከል ይሆን?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ለኮል ሳይኑ እንኳን ደስ ያለህ። ከ35 ጥያቄ 26 መመለስ ሲነገር ቀላል ይመስላል እንጂ ከሥራ መልስ ደክሞህ ስለ ኦም ሕግ ማንበብ ቀልድ አይደለም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ሬዲዮዎቹን አትመልስ። የጓደኛህንም ፋይል አትጫን፤ ለምን እንደምልህ በኋላ እነግርሃለሁ። አንዱ ያገለገለ አንዱ አዲስ የሆኑ ሁለት ሬዲዮዎች በአንድ ቀን በአንድ ዓይነት በሽታ አይያዙም። ሁለቱ የሚጋሩት ገመዱንና ላፕቶፑን ብቻ ነው። ስለዚህ ሬዲዮውን መጠርጠር ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሻጩ የላከልህ ሶፍትዌርም የማይሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያው ገመድ፣ በዚያው ድራይቨር (ዊንዶውስ ገመዱን የሚያናግርበት ትንሽ ፕሮግራም) ነው የሚያልፈው። መንገዱ ተዘግቶ መኪና ብትቀይር ምን ዋጋ አለው?

እኔም የመጀመሪያዋን የገዛሁ ጊዜ አንድ ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብዬ እስከ ሌሊት ስታገል ቆይቻለሁ። ሶፍትዌሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩ። ላፕቶፑን አስነሳሁ፣ አጠፋሁ። መጨረሻ ላይ ብሎን መፍቻ አንስቼ የሬዲዮዋን ጀርባ ልከፍት ስል ነው የገመዱ ጫፍ ሁለት ሚሊሜትር ያህል እንዳልገባ ያየሁት። ሁለት ሚሊሜትር! ስለዚህ ስስቅብህ አይደለም፣ ያለፍኩበት ስለሆነ ነው።

አሁን ገመዱን እንየው። ኮምፒውተርህ በዩኤስቢ ነው የሚናገረው። ሬዲዮዋ ደግሞ የምታውቀው የድሮውን የሲሪያል ቋንቋ ነው፤ በሰከንድ 9,600 ቢት፣ ቀስ ብላ። ሁለቱ አይግባቡም። ስለዚህ በገመዱ የዩኤስቢ ጭንቅላት ውስጥ፣ ከፕላስቲኩ ሥር፣ አንዲት ትንሽ ቺፕ ተቀምጣ ታስተረጉማለች። ይህቺ አስተርጓሚ ማን እንደሆነች ከውጭ አይታይም። ገመዱ ላይም አልተጻፈም። ግን የአንተ ችግር ዘጠና እጁ እሷ ናት ብዬ ብወራረድ አልፈራም።

በርካሽ ገመዶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ፒኤል2303 የሚባለው ቺፕ ነው። የሠራው ፕሮሊፊክ የሚባል የታይዋን ድርጅት ነው። ችግሩ፣ ገበያው ውስጥ ያለው አብዛኛው ፒኤል2303 ፕሮሊፊክ የሠራው አይደለም፣ አስመስለው የሠሩት ነው። ድርጅቱ ይህ ሲበዛበት አዲሱን ድራይቨር ፎርጅዱን እየለየ እንዳይሠራ እንዲያደርግ አድርጎ ጻፈው። ይባስ ብሎ የራሱን እውነተኛ የድሮ ቺፖችም ከድጋፍ አወጣቸው። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው እውነተኛ ገመድ ይዞ፣ ለዓመታት ሲሠራ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ጠዋት ዊንዶውስ ራሱን አድሶ ሲነሳ ገመዱ «የሞተበት»። ገመዱ አልሞተም፤ ያነጋግረው የነበረው ድራይቨር ነው የተቀየረው።

ተመሳሳይ ቺፕ የሚሠራው ኤፍቲዲአይ የሚባለው የስኮትላንድ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ከዚህም የባሰ ነገር አደረገ። በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የመጣው ድራይቨሩ ፎርጅድ ቺፕ ሲያገኝ የመታወቂያ ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይቀይረው ነበር። ከዚያ በኋላ ቺፑ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትሰካውም አይታወቅም። ሰው ሲጮህ ድራይቨሩ ተነሳ። እኔ የድርጅቶቹ ንዴት ይገባኛል፤ የራስህን ዕቃ ስም ለጥፈው ሲሸጡብህ ማን ዝም ይላል? ግን ቅጣቱ ያረፈው አስመስሎ በሠራው ላይ ሳይሆን ምንም ሳያውቅ ገመድ በገዛው ሰው ላይ ነው።

እሺ፣ የአንተ ገመድ ምን እንደሆነ እንወቅ። የዊንዶውስ ምልክቱን በቀኝ ተጫንና ዲቫይስ ማናጀርን (ላፕቶፑ የሚያውቃቸውን ዕቃዎች ዝርዝር) ክፈት። ገመዱን ሳትሰካ «ፖርትስ» የሚለውን መስመር ተመልከት፤ ላይኖርም ይችላል። ከዚያ ገመዱን ብቻ ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ሬዲዮው ለጊዜው አያስፈልግም። ምን ታየ?

ምንም ካልታየ፣ የዩኤስቢ ድምፅም ካልሰማህ፣ ሌላ ሶኬት ሞክር። በዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል አትሂድ፣ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ። አሁንም ዝም ካለ ገመዱ ሞቷል፣ አትልፋ።

ቢጫ ሦስት ማዕዘን ካየህ፣ ወይም ከስሙ ቦታ «ይህ ፕሮሊፊክ አይደለም፣ ሻጭህን አነጋግር» ወይም «ከ2012 ጀምሮ ተቋርጧል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከመጣልህ፣ በቃ አገኘነው። አንዳንዴ ደግሞ ጽሑፉ አይመጣም፣ ሁለቴ ስትጫነው «ኮድ 10» ይልሃል። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉህ። አዲሱ ድራይቨር ይህን ቺፕ አልቀበልም እያለ ነው።

ማምለጫው የድሮውን ድራይቨር መመለስ ነው። ብዙ ሰው የሚጠቀመው 3.2.0.0 የሚባለውን ነው። ከጫንከው በኋላ ሥራው አላለቀም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዊንዶውስ አዲሱን መምረጡን ይቀጥላል። እንደገና ዲቫይስ ማናጀር ግባ፣ ገመዱን በቀኝ ተጫን፣ «አፕዴት ድራይቨር» በል፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ ልፈልግ የሚለውን ምረጥ፣ ቀጥሎ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ልምረጥ የሚለውን። እዚያ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ቁጥር ይመጣልሃል። የድሮውን መርጠህ እለፍ። ቢጫው ይጠፋል። ከወራት በኋላ ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ አትደንግጥ፣ መጫን ሳያስፈልግህ ምርጫውን ብቻ ድገመው።

ላፕቶፕህ ከአዲሶቹ የአርም ፕሮሰሰር ካላቸው ውስጥ ከሆነ ግን ይህንን አትሞክር። ለኢንቴል የተጻፈ የድሮ ድራይቨር እዚያ ላይ አይነሳም። ሌላ ገመድ ግዛ።

እንደውም እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ብሆን የድራይቨር ጨዋታውን አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሬ ካልሆነ ኤፍቲዲአይ ቺፕ ያለውን ገመድ እገዛለሁ። ሬዲዮዋን ራሷን የሚያክል ዋጋ ሊጠይቁህ ይችላሉ፣ ያ ያስቃል፣ ግን ትሰካዋለህ ይሠራል። ገመዱ ለዓመታት ያገለግልሃል፤ ሬዲዮ ግን ገና ትቀያይራለህ፣ ይህ በሽታ የያዘው ሰው በአንድ ሬዲዮ ሲቆም አላየሁም። ሲኤች340 የሚባለው ቺፕ ያለባቸው ርካሽ ገመዶችም አሉ። እነሱ ክፉ አይደሉም። የፕሮሊፊክን ድራማ አያመጡብህም።

ዲቫይስ ማናጀር ላይ ቢጫ ሳይኖር፣ በደህና ስም፣ «ኮም 3» ወይም «ኮም 5» የሚል የመሰኪያ ቁጥር ይዞ ከታየህ ግን ቺፑ ነፃ ነው። ያን ቁጥር ያዘው። ቺርፕ ላይ የምትመርጠው እሱን ነው። እንደ ቀልድ የሚታይ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር አለ። አንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ብሉቱዙ ራሱ የኮም ቁጥር ይይዛል። ቺርፕ መጀመሪያ ያገኘውን ያሳይሃል፣ አንተም እሺ ትላለህ፣ ከዚያ ከሬዲዮህ ጋር ሳይሆን ከብሉቱዙ ጋር ስታወራ ትውላለህ። ገመዱን ነቅለህ የትኛው ቁጥር እንደሚጠፋ እይ። የጠፋው የአንተ ነው። የፋብሪካዎቹ ሶፍትዌር ደግሞ አንዳንዱ ከ10 በላይ የሆነ የኮም ቁጥር አያውቅም፤ የድሮ ሰው ነው።

አሁን ወደ ሌላኛው ጫፍ። ሬዲዮዋ ጎን ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፣ አንዱ 3.5 ሚሊሜትር አንዱ 2.5። ኬንዉድ የሚጠቀምበት ዓይነት ነው። የገመዱ መሰኪያ በፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ ፕላስቲኩ ከሬዲዮዋ ቀፎ ጋር ይጋጫል፣ ብረቱ እስከ መጨረሻ አይገባም። በተለይ ከሬዲዮው ጋር በነፃ የሚመጡት ገመዶች ላይ። ገብቷል ብለህ ስታስብ አልገባም። በደንብ፣ እስክትፈራ ድረስ ግፋው። «ጠቅ» ሲል ይሰማሃል። ካልገባ የመሰኪያውን ጠርዝ በምላጭ ትንሽ ላጥ ላጥ አድርገው፤ ብረቱን ሳይሆን ፕላስቲኩን። አንዳንዴ ገመዱ በግማሽ ሲገባ ሬዲዮዋ ራሷ ቀይ መብራት አብርታ ማስተላለፍ ትጀምራለች። ያ በራሱ ጥሩ ምልክት ነው፣ መሰኪያው ቦታውን እንዳልያዘ ይነግርሃል። ቶሎ አጥፋት።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ባትሪው የሞላ ይሁን። ሬዲዮዋ ጠፍታ ገመዱን ሰካ። ከዚያ አብራት። ድምፁን እስከ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ አዙረው። ሰው የማያወራበት ፍሪኩዌንሲ ላይ አስቀምጣት፣ መሀል ላይ ምልክት ከገባባት ንባቡ ይቆረጣል። ከዚያ ነው ቺርፕ ላይ አንብብ የምትለው።

እስከዚህ ድረስ በትክክል ከሄድክ ያገለገለው ሬዲዮ ይነበባል ብዬ እጠብቃለሁ። አዲሱ ግን አሁንም እምቢ ሊልህ ይችላል። ይኼ ሌላ ታሪክ ነው፤ በእኔ አስተያየት ከገመዱ ታሪክ ይልቅ ሰውን የሚያሳብደው ይኸኛው ነው።

ዩቪ-5አር ገበያ ላይ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ስሟ ስለተሸጠ በዚያ ስም ያልተለጠፈ የለም። ዩቪ-5አርኤ፣ ዩቪ-5አርኢ የሚባሉት ቀፏቸው የተለየ እንጂ ሆዳቸው ያው የድሮዋ ናት። በተቃራኒው ደግሞ ዩቪ-5አር ሚኒ እና 5አርኤም የሚባሉት ስማቸው የድሮዋ፣ ሆዳቸው ሌላ ነው፤ ከዩቪ-17 ፕሮ ጋር ነው የሚዛመዱት። ዩቪ-82 ደግሞ መልኳም ስሟም ይለያል፣ ሰላምታዋም የራሷ ነው።

ሰላምታ ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። ሶፍትዌሩ ሬዲዮውን ማንበብ ከመጀመሩ በፊት ሰባት ባይት ይልካል። እንደ በር ማንኳኳት በለው። ሬዲዮው የሚያውቀው አንኳኳት ከሆነ አንዲት ባይት ይመልሳል፣ «አለሁ» እንደማለት፣ በሩም ይከፈታል። የማያውቀው አንኳኳት ከሆነ ዝም ነው። በሩ ላይ የቆመው ሶፍትዌር ታዲያ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ይደመድማል፣ «ሬዲዮው ምላሽ አልሰጠም» ይልሃል። ገመድ ቢነቀል፣ ቺፕ ፎርጅድ ቢሆን፣ ሞዴል ብትሳሳት፣ የሚመጣልህ ያው አንድ መልእክት ነው። ሰው ግራ የሚጋባውም ለዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዩቪ-5አሮችና ከዚያ በኋላ የመጡት እንኳ የሚያውቁት አንኳኳት ይለያያል። ደግነቱ ቺርፕ ሁለቱንም ይሞክርልሃል። ለዩቪ-17 ፕሮ ቤተሰብ ግን አይሆንም፤ እነሱ ፍጥነታቸውም 115,200 ነው፣ 9,600 አይደለም። በዘገምተኛ አማርኛ ስታናግረው ሳይሰማህ የሚያልፍ የከተማ ልጅ በለው።

አዲሱ ሬዲዮህ የትኛው እንደሆነ እንዴት ታውቃለህ? ካርቶኑን አትመን። መመሪያውን ክፈትና የቻናል ብዛት ፈልግ። የድሮዋ 128 ቻናል ነው የምትይዘው፣ ከ0 እስከ 127። 999 የሚል ካየህ ሆዱ ሌላ ነው። የአውሮፕላን ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) እሰማለሁ የሚል ከሆነም እንደዚያው። ቺርፕ ላይ በባኦፌንግ ሥር ከዩቪ-5አር ወደ ትክክለኛው ስሙ ቀይርና እንደገና አንብብ። የምታጣው ነገር የለም። ማንበብ ሬዲዮ አይጎዳም፤ የተሳሳተ ሞዴል መርጠህ ብታነብ ቢበዛ ዝም ትልሃለች። መጻፍ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ በማንበብ እንደፈለግክ ተጫወት፣ አንብበህ ያልተሳካልህ ሬዲዮ ላይ ግን በጭራሽ አትጻፍ።

«3» ቁጥርን ተጭነህ ስታበራት የፊርምዌር (ሬዲዮዋ ውስጥ ያለው ፕሮግራም) ስሪት የሚሉት ይታያል፤ ብዙ ሰው ይህን ይመክርሃል። ለድሮዎቹ ይረዳ ነበር፣ ለኋለኞቹ ብዙም አልተማመንበትም። ደግሞ «ፊርምዌሩን አፕዴት ላድርገው» ብለህ እንዳትደክም። የድሮዋ ዩቪ-5አር ቺፗ ፋብሪካ ውስጥ አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ነው። የሚታደስ ነገር የላትም። አሳድስልሃለሁ የሚል ፋይል ካገኘህ አትንካው።

አንድ ተጨማሪ ነገር፣ የቺርፕህ ዕድሜ። ቺርፕ ነፃ ነው፣ በበጎ ፈቃደኞች ነው የሚጻፈው፣ አዲስ ስሪት ቶሎ ቶሎ ይወጣል። ከዚህ ቀደም በፓይተን 2 ነበር የተጻፈው፤ ያ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲያበቃ በፓይተን 3 እንደገና ተሠራ። አዳዲስ ሬዲዮዎች የሚጨመሩት በአዲሱ ላይ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ከየትም ድረ ገጽ የዛሬ አምስት ዓመቱን ያወርድና አዲሱ ሬዲዮ በዝርዝሩ የለም ይለኛል። አይኖርማ! ከራሱ ከቺርፕ ገጽ ላይ የሰሞኑን አውርድ። ሻጩ የላከልህን የፋብሪካ ሶፍትዌር ደግሞ እኔ አልጭንም ነበር። ከማን እጅ እንደመጣ በማይታወቅ ሊንክ የመጣ ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ምን ሊሠራ ነው?

ስለ ጓደኛህ ፋይል ቃል የገባሁልህን ልጨርስ። ዶት አይኤምጂ የሚል ከሆነ ያ የቻናል ዝርዝር አይደለም። የእሱ ሬዲዮ አጠቃላይ ማኅደረ ትውስታ ፎቶ ኮፒ ነው። ቻናሎቹ አሉበት፣ ግን የባንድ ገደቡም፣ ሌሎች ውስጣዊ ቅንብሮችም አብረው አሉበት። የአንተ ሬዲዮ ፊርምዌር ከእሱ የተለየ ከሆነ እነዚያ ቅንብሮች ያለ ቦታቸው ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ሬዲዮህ ትበራለች፣ ግን አትሰማም፣ ወይም እንግዳ ነገር ታደርጋለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ቺርፕ አንዳንዴ ያስጠነቅቅሃል፣ ሰው ግን ማስጠንቀቂያ አያነብም፣ እሺ እሺ ብሎ ያልፋል።

ደግሞስ የጀርመኑ ፋይል ምን ያደርግልሃል? እዚያ ሁለት ሜትር ባንድ ከ144 እስከ 146 ሜጋኸርትዝ ነው፣ አንተ ጋ እስከ 148 ይሄዳል። 70 ሴንቲሜትሩ እነሱ ጋ ከ430 እስከ 440፣ አንተ ጋ ከ420 እስከ 450። እነሱ ጋ የ70 ሴንቲሜትር ሪፒተር (ምልክትህን ተቀብሎ አርቆ የሚያስተላልፍ ጣቢያ) በሚሰማበትና በሚያስተላልፍበት ቁጥር መካከል 7.6 ሜጋኸርትዝ ልዩነት አለው፣ አሜሪካ 5። የበርሊን ሪፒተር ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ሆነህ አትደርስበትም። ጓደኝነቱን አክብረህ ፋይሉን አስቀምጠው፣ አበቃ። ሌላ ቀን የአገርህ ሰው ዝርዝር ቢልክልህ ግን ትክክለኛው መንገድ የራስህን ሬዲዮ መጀመሪያ አንብበህ፣ የእሱን ፋይል በሌላ ታብ ከፍተህ፣ መስመሮቹን ብቻ ኮፒ አድርገህ ወደ ራስህ መለጠፍ ነው። ወይም በሲኤስቪ (ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) እንዲልክልህ ንገረው።

ገመዱ እስኪመጣ እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ። የድሮዋን ዩቪ-5አር በእጅ መሙላት ይቻላል። በፍሪኩዌንሲ ሞድ ላይ፣ ከላይኛው መስመር፣ የምትሰማበትን ቁጥር ጻፍ። ሪፒተሩ ቶን (እንዲከፍትልህ አብሮ የሚላክ ዝቅተኛ ድምፅ) ከፈለገ ሜኑ 13 ላይ አስገባ። ከዚያ ሜኑ 27 ገብተህ ባዶ ቻናል መርጠህ አስቀምጥ። ቀጥሎ የምታስተላልፍበትን ቁጥር ጻፍና በዚያው ቻናል ቁጥር ላይ እንደገና በሜኑ 27 አስቀምጥ። ቻናሉ ተይዞ ከሆነ አስቀድመህ በሜኑ 28 አጥፋው። ስም መስጠት አትችልም፣ ለስም ኮምፒውተር ያስፈልጋል። አሰልቺ ነው፣ ግን አምስት ስድስት ሪፒተር ለመሙላት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። 146.520ን አትርሳ፣ አሜሪካ ውስጥ ሪፒተር ሳይጠቀሙ በቀጥታ ለመጠራራት የሚጠቀሙበት እሱን ነው።

ማክ ወይም ሊነክስ የምትጠቀሙ ደግሞ ባጭሩ። ሊነክስ ላይ የሦስቱም ቺፖች ድራይቨር ከከርነሉ ጋር ነው የሚመጣው፣ ፎርጅዱንም ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይቀበላል። የሚያስቸግረው ፈቃድ ነው፤ ራሳችሁን «ዳያልአውት» ወደሚባለው ቡድን ጨምሩና ወጥታችሁ ግቡ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሲኤች340 ገመድ ብቅ ብሎ ወዲያው ከጠፋ ደግሞ ለዓይነ ስውራን የብሬይል ሰሌዳ የተሠራው «ቢአርኤልቲቲዋይ» ነው የእኔ ነው ብሎ የሚነጥቃችሁ፤ ካልተጠቀማችሁበት አውጡት። ዊንዶውስ ላላችሁም ይህ ይጠቅማል። ፍላሽ ላይ ኡቡንቱ ጭናችሁ ላፕቶፑን በእሱ አስነሱት። ገመዱ እዚያ ሠርቶ ዊንዶውስ ላይ እምቢ ካለ ችግሩ ድራይቨሩ እንደሆነ ያለ ክርክር ታወቀ። ማክ ላይ ቺርፕን መጀመሪያ ስትከፍቱ አይታወቅም ብሎ ካገዳችሁ ቅንብሮች ውስጥ ገብታችሁ ፍቀዱለት።

ኳንሼንግ ዩቪ-ኬ5 የገዛችሁ ደግሞ አንድ ወጥመድ ጠብቁ። ጎኗ ላይ ዩኤስቢ-ሲ ስላለ የስልክ ገመድ ሰክታችሁ ቺርፕ እንዲያያት አትጠብቁ። ያቺ ቀዳዳ ለቻርጅ ናት። ዳታው የሚሄደው ያው በጎን በሁለቱ ቀዳዳ ነው። ሰው የጻፈውን ሌላ ፊርምዌር ከጫናችሁባት ደግሞ መደበኛው የቺርፕ ምርጫ ላይበቃ ይችላል፤ ከፊርምዌሩ ጋር የመጣውን ሞጁል አብራችሁ መጫን አለባችሁ። ዲጂታሎቹን፣ ዲኤምአር የሚባሉትን፣ ከዚህ ወሬ አውጥቻቸዋለሁ። እነሱ ብዙውን ጊዜ የሚሞሉት በራሳቸው ሶፍትዌር ነው፣ የሶፍትዌሩ ስሪትና የሬዲዮው ፊርምዌር ካልተገናኙ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው።

አንድ ነገር ከጥያቄህ ውጭ ልጨምር፣ ብዙ ልጆች ስለሚሳሳቱበት። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ስትሄድ «እዚያም ትሠራለች» ብለህ በሻንጣ እንዳትይዛት። ትሠራ ይሆናል፣ ጉምሩክ ላይ ግን ትቀራለች። አስተላላፊ ሬዲዮ ያለ ፈቃድ የሚገባ ዕቃ አይደለም፣ የአሜሪካ ኮል ሳይንህም እዚያ ፈቃድ አይሆንህም። የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለአማተሩ ነገር ካማረህ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የክለብ ጣቢያ አለ፤ ከመሄድህ በፊት እነሱን ፈልጋቸው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርግ። ሬዲዮዎቹን ተዋቸው፣ ገመዱን ብቻ ሰክተህ ዲቫይስ ማናጀር ላይ የሚመጣውን ጽሑፍ ቃል በቃል ገልብጠህ ላክልኝ። የአዲሱ ሬዲዮ መመሪያ ስንት ቻናል እንደሚልም ጨምርበት። እስከዚያ ሻጩ «መልሰው» ቢልህ ጊዜ ስጠኝ በለው። ካነበብክ በኋላ ደግሞ ምንም ሳትነካ መጀመሪያ ፋይሉን ቀን ጽፈህበት አስቀምጥ፣ የሁለቱንም ለየብቻ።